ተረትና እውነታ፦ የቴሌስኮፕ ቱቦ ካልከበደ አይጠነክርም?

ወላይታ ሶዶ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 7 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነች፣ ከከተማዋ ሆኖ የሰሜኑንም የደቡቡንም ሰማይ አብዛኛውን ክፍል በዓመት ውስጥ ማየት ይቻላል። ለዚህ እንደ እንጦጦ ኦብዘርቫቶሪ ያለ ባለ 1 ሜትር መስተዋት ቴሌስኮፕ የግድ አያስፈልግም፤ 15 ሳንቲ ሜትር መስተዋት የተገጠመለት የእጅ ሥራም የሳተርንን ቀለበት ያሳያል። መስተዋቱ ከውጭ ቢመጣ እንኳ ቱቦው እዚሁ ሊሠራ ይችላል። የሚያስቸግረው ስለ ክብደት ያለን እምነት ነው።

ተረት፦ ጠንካራ ቱቦ የሚወጣው ከብረት ነው።

እውነታ፦ የቱቦ ጥንካሬ ከክብደቱ ይልቅ በቅርጹ ይወሰናል። የዕቃ ማሸጊያ ካርቶንን ጠርዝ ተመልከቱ፦ ሁለት ስስ ወረቀቶች በመሃላቸው ባለው ሞገደኛ ወረቀት ተራርቀው ተጣብቀዋል። ወረቀቶቹ ለየብቻቸው በጣት ይታጠፋሉ፤ ተራርቀው ሲያያዙ ግን እምቢ ይላሉ። የኮምፖዚት ቱቦም እንዲሁ ነው። ሬዚን በተባለ ማጣበቂያ የተነከሩ፣ እያንዳንዳቸው ግማሽ ሚሊ ሜትር የሆኑ ሁለት የፋይበርግላስ ንጣፎች በ5 ሚሊ ሜትር ፎም ቢለያዩ፣ ፎሙ እስካልላላ ድረስ ግድግዳው አንድ ላይ ከተጣበቁት ንጣፎች ይልቅ በስሌት ከ80 እጥፍ በላይ መታጠፍን ይቋቋማል። ርዝመቱ 1.2 ሜትር፣ ስፋቱ 20 ሳንቲ ሜትር የሆነ ቱቦ ከ1 ሚሊ ሜትር ላሜራ ሲሠራ 6 ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ በዚህ ዘዴ ሲሠራ ግን ወደ 2 ኪሎ ይወርዳል። ቴሌስኮፕ ሠሪው ጆን ዶብሰን በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ለኮንክሪት ዓምድ ማፍሰሻ የሚውል የካርቶን ቱቦ ይጠቀም እንደነበር ማስታወስም ይበጃል።

«ቀላል ነገር ነፋስ ይነቀንቀዋል» የሚል ይኖራል። ስጋቱ ተገቢ ነው፤ መፍትሔው ግን ያለው ከመቆሚያው ላይ ነው። ከባዱ መስተዋት ከታች፣ ቀላሉ ቱቦ ከላይ ሲሆን ክብደቱ ወደ መቆሚያው ይጠጋል፤ ቱቦው ሲነካም ንዝረቱ ቶሎ ይበርዳል። የዓይን ሌንሱ የሚገጠምበትን ቦታ ግን ከውስጥ በጣውላ ማጠናከር ያስፈልጋል።

ተረት፦ ኮምፖዚት ማለት ውድ የካርቦን ፋይበር ማለት ነው።

እውነታ፦ ኮምፖዚት ማለት ጭረትን ከማጣበቂያ ጋር ማዋሃድ ነው፤ ወላይታ ደግሞ ጭረት አላት። እንሰት ሲፋቅ ሥጋው ለቆጮ ይሄዳል፤ የሚቀረው ቃጫ ታጥቦ ይደርቅና ገመድ ይሆናል። ይኸው ቃጫ በሬዚን ተነክሮ በቅርጽ ማውጫ ላይ ቢጠቀለል ግድግዳ ይሆናል። እርጥበት ስለሚስብ በደንብ ማድረቅና ከላይ ቀለም መቀባት ግድ ነው፤ በግትርነቱም የካርቦን ፋይበርን አይደርስበትም። ለ15 ሳንቲ ሜትር መስተዋት ግን ያን ያህል አያስፈልግም፤ ግድግዳውን በጥቂቱ ማወፈር ልዩነቱን ያካክሳል።

የቴክኒክና ሙያ መምህራንና ተማሪዎች ሆይ፦ አስቀድማችሁ የግማሽ ሜትር ሙከራ ሥሩ። አንዱን ጫፍ አጥብቃችሁ እሰሩ፣ በሌላው ላይ ክብደት አንጠልጥሉና ምን ያህል እንደሚጎብጥ ለኩ። ፍርዱን ለሚዛኑ ሳይሆን ለዚያ ልኬት ስጡ።