ስድስት ማንዳዚ ለዜሮ ልጆች

እዚህ ናይሮቢ፣ በኪሌሌሽዋ፣ የሀገራችንን ሕፃናት ሒሳብ ሳስተምር እንደ ተመለከትሁት፣ ማካፈል ወደ ልጅ ልቡና የሚገባው በቃል በተጠና ሕግ ሳይሆን አስቀድሞ በገዛ እጁ ይዞ በሚያድለው ነገር ነው። ስድስት ማንዳዚ፣ ማለት በዘይት የተጠበሰ ጣፋጭ ዳቦ፣ ለአንድ ልጅ ቢሰጥ ስድስቱም የእርሱ ናቸው፤ ለስድስት ልጆች ቢታደል ለእያንዳንዱ አንድ ይደርሰዋል፤ ሳህኑ ባዶ ከሆነ ግን የሁሉም ድርሻ ዜሮ ነው። ይህን ቶሎ ይቀበላሉ።

ጭንቁ ያለው ስድስትን ለዜሮ ማካፈል ላይ ነው። ብዙዎቹ መልሱ «ዜሮ» ነው ይላሉ፤ አይፈረድባቸውም፤ የሕንዱ ሊቅ ብራህማጉፕታ እንኳ በ628 እ.ኤ.አ. ዜሮ ለዜሮ ሲካፈል ዜሮ ይሆናል ብሎ ጽፏልና። እኔ ግን፣ 6 ለ2 ተካፍሎ 3 መሆኑ የሚታወቀው 3 በ2 ሲባዛ ወደ 6 ስለሚመለስ መሆኑን ካሳየሁት በኋላ፣ በዜሮ ተባዝቶ 6 የሚሆን ቁጥር እንዲፈልግልኝ ልጁን እልከዋለሁ። ፈልጎ፣ ፈልጎ፣ «የለም» ይላል።

ወላጆች ሆይ፣ ይህን ቃል ራሱ እስኪያወጣው ታገሡት፤ አትቅደሙት።