እሳት ያልነካው ጌሾ

ደብረ ብርሃን ላይ ውሃ 100 ዲግሪ ሳይደርስ ይፈላል። ከተማዋ ከባሕር ወለል 2,800 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ስለተቀመጠች የአየሩ ግፊት ዝቅተኛ ነው፤ ድስት ውስጥ ያለ ውሃ 90 ወይም 91 ዲግሪ ላይ ይንተከተካል፣ ከዚያ በኋላ የቱንም ያህል ቢማግዱበት ሙቀቱ አይጨምርም። የሽምብራና የባቄላ ንፍሮ እዚያ ለምን ማገዶ እንደሚፈጅ ባለሙያ ሁሉ ታውቃለች። ቢራ በቤቱ መጥመቅ ለሚያምረው ሰው ደግሞ ጣጣው ከማገዶም ያልፋል። ለቢራ ምሬቱን የሚሰጠው ሆፕ የሚባለው ተክል ነው፤ ሆፕ ደግሞ ምሬቱን በደንብ የሚያወጣው ለረጅም ጊዜ ሲፈላ ነው። የፍላቱ ሙቀት በ10 ዲግሪ ሲወርድ ምሬት የሚፈጠርበት ፍጥነት ከግማሽ በታች ይሆናል። ዝቅ ባለ አገር በአንድ ሰዓት የሚገኘውን ምሬት ደብረ ብርሃን ላይ ለማግኘት ከሁለት ሰዓት በላይ መማገድ ሊያስፈልግ ይችላል።

በዚያችው ከተማ ጠላ የምትጠምቅ እናት ግን ይህ ጉዳይ አያስጨንቃትም። የእሷ ጌሾ እሳት አያይም። ደርቆ፣ ተወቅጦ፣ በቀዝቃዛ ውሃ ተዘፍዝፎ ምሬቱን ይሰጣል። የዓለም ቢራ ጠማቂዎች ባለፉት አምሳ ዓመታት ውስጥ እንደ ትልቅ ጥበብ የያዙት አንድ ዘዴ አለ፤ ሆፕን ሳያፈሉ፣ ቢራው በጋኑ ውስጥ በእርሾ እየፈላ ሳለ ደረቁን መጨመር። ይህን ዘዴ በደንብ ለመረዳት የሰሜን ሸዋን ጋን ያህል ጥሩ ማሳያ ያለ አይመስለኝም፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነትም ከመመሳሰሉ ባልተናነሰ ያስተምራል።

መጀመሪያ ስለ ሆፕ። ሐረግ ነው፤ ለቢራ የሚፈለገው የሴቴው ተክል አበባ ነው። አበባው ሲፈለቀቅ በቅጠሎቹ ሥር የሚያጣብቅ ቢጫ ብናኝ ይታያል፤ ሉፑሊን ይሉታል። ቁም ነገሩ ሁሉ እዚያ ብናኝ ውስጥ ነው። አንደኛው አልፋ አሲድ የሚባል ሙጫ ነው፤ በቀዝቃዛ ውሃ እምብዛም አይሟሟም። ሲፈላ ግን ሞለኪዩሉ ቅርጹን ይለውጥና ይሟሟል፣ ይመርራል። ሁለተኛው ዘይት ነው። ሚርሲን፣ ሊናሎል፣ ጀራኒዮልና ሌሎችም ብዙ ቅመሞች የተደባለቁበት፣ ለቢራው የአበባ፣ የሎሚ ወይም የጥድ ሽታ የሚሰጥ ዘይት ነው። ችግሩ ሁለቱ በአንድ ጊዜ አለመገኘታቸው ነው። ሙጫው ይሟሟ ዘንድ አንድ ሰዓት የሚፈላው ብረት ድስት፣ ዘይቱን ከእንፋሎቱ ጋር ያበንነዋል። ምሬት ይቀራል፣ መዓዛ ይሄዳል።

መፍትሔው ሆፕን ለሁለት መክፈል ሆነ። አንዱ እጅ ለምሬት ከብቅሉ ውሃ ጋር ይፈላል፤ ሌላው እጅ ውሃው ቀዝቅዞ እርሾ ከገባበት በኋላ ደረቁን ይጨመራል። ወጥ የምትሠራ ሴት መከለሻዋን ድስቱን ልታወርድ ስትል ጣል የምታደርገው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ሽታው እንዳይተን።

እንግሊዞች ይህን ደረቅ ሆፕ የመጨመር ዘዴ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ያውቁት ነበር። ወደ ሕንድ በመርከብ የሚጫነው ፈዘዝ ያለ ቢራቸው በርሜል ውስጥ ጥሬ ሆፕ ይጨመርበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1841 ዊሊያም ኮርንዋሊስ ሃሪስ የሚባል የጦር መሐንዲስ፣ ያ ቢራ ይራገፍባቸው ከነበሩት ወደቦች አንዷ ከሆነችው ከቦምቤይ ተነሥቶ የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ መናገሻ ወደነበረችው አንኮበር መልእክተኛ ሆኖ መጣ። ሰውዬው ያልፈላ ሆፕ ከሚጠጣበት አገር ያልፈላ ጌሾ ወደሚጠጣበት አገር ተሻገረ ማለት ነው። ሁለቱ ልማዶች አንዱ ስለሌላው ምንም ሳያውቅ የበቀሉ ናቸው።

በእንግሊዝ ዘዴው ውሎ አድሮ ቀዘቀዘ። እ.ኤ.አ. በ1975 የሳን ፍራንሲስኮው አንከር ቢራ ፋብሪካ ካስኬድ በተባለ አዲስ የሆፕ ዝርያ ሊበርቲ ኤል የሚባል ቢራ በዚሁ መንገድ ሠራ፤ ከዚያ ወዲህ የአሜሪካ ቤት ጠማቂዎች ነገሩን አጧጧፉት። ዛሬ የተለመደው ልክ ለአንድ ሊትር ቢራ ከ2 እስከ 8 ግራም ነው። ከ8 ግራም በላይ ሲጨመር መዓዛው በዚያው መጠን አያድግም፤ ይልቅ የሻይ ቅጠልና የሣር ጣዕም ይመጣል። ጊዜውም እንደዚሁ ነው። ዘይቱ አብዛኛው በአንድ እስከ ሦስት ቀን ውስጥ ወደ ቢራው ያልፋል፤ ከዚያ በላይ ሲዘገይ ከቅጠሉ የሚወጣው የሚያኮማትር ነገር ነው።

መቼ ይጨመር የሚለው ጥያቄ እስከ ዛሬ ያከራክራል። ቢራው በእርሾ ፈልቶ ካበቃ በኋላ ሲጨመር የሆፑ የራሱ ሽታ እንዳለ ይቀራል። እርሾው በሥራ ላይ እያለ ሲጨመር ግን ሌላ ነገር ይፈጠራል፤ እርሾው ከዘይቱ ጥቂቱን ይለውጠዋል። ጽጌረዳ ጽጌረዳ የሚለውን ጀራኒዮል ወደ ሲትሮኔሎል ይቀይረዋል፣ ይሄኛው ወደ ሎሚነት ያደላል። በሆፑ ውስጥ ከሌላ ሞለኪዩል ጋር ታስረው ምንም የማይሸቱ ቅመሞችንም እየፈታ የፍራፍሬ ሽታ ያወጣል። በተጨማሪም ከቅጠሉ ጋር የገባውን ኦክስጅን እርሾው ይጠቀምበታል፤ አለዚያ ኦክስጅኑ ቢራውን ያበላሸው ነበር።

አሁን ወደ ጋኑ። ጋኑ በግራዋ ቅጠል ይታጠባል፣ በወይራ ጭስ ይታጠናል። ጭሱ በሸክላው ቀዳዳዎች ውስጥ ዘልቆ ጀርም ይቀንሳል፣ ለጠላውም የራሱን ሽታ ያወርሳል። ከዚያ የተወቀጠ የጌሾ ቅጠል በውሃ ይጠነሰሳል። ጥንስሱ ሁለት ሦስት ቀን ሲቆይ ላዩ አረፋ ያዝላል፣ ውሃው አረንጓዴ ቡናማ ይሆናል፤ አፋፉ ላይ አፍንጫን ቢያስጠጉ የእርጥብ ሣርና የጭስ ሽታ ነው፣ በጣት ቢቀምሱት ምላስ ላይ ተጣብቆ የሚቀር ምሬት ነው። ቂጣው ተቆራርሶ ከብቅሉ ጋር ይገባል። ቀጥሎ ከገብስ ዱቄት የታመሰው እንኩሮ ይመጣል፤ ድፍድፉ ይደፈደፋል። ቀናት ቆይቶ ውሃ ይሞላበትና አፉ ይመረጋል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ቅጠሉ ከጋኑ አልወጣም። ከመጀመሪያው ቀን እስከ መጨረሻው ከእርሾው ጋር ነው።

በደጋው ብርድ ይህ ሁሉ ይዘገያል። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ደብረ ብርሃን ውርጭ ሲወርድ ጋኑ ምድጃ አጠገብ ይቀመጣል፣ በጨርቅ ይጠቀለላል። ወረድ ሲሉ፣ ወደ አልዩ አምባ በኩል፣ ያው ድፍድፍ በአጭር ቀን ይደርሳል።

ጌሾው ያለ እሳት ለምን ይመርራል? መልሱ የአገራችን ኬሚስቶች ሥራ ነው፤ ሲነገርለት አለመስማቴ ይከነክነኛል። ፕሮፌሰር ብርሃኑ አበጋዝና ፕሮፌሰር ኤርምያስ ዳኜ እ.ኤ.አ. በ1988 የጌሾን አንትራሲን ነክ ውሕዶች በኢትዮጵያ ኬሚካል ማኅበር መጽሔት አሳተሙ። እ.ኤ.አ. በ1995 ደግሞ በዚያው መጽሔት በወጣ የፕሮፌሰር ብርሃኑ ጥናት የጌሾ ቅጠል ዋናው መራራ ነገር ተለይቶ ታወቀ፤ ስሙም ጌሾይዲን ተባለ። ጌሾይዲን ግሉኮሳይድ ነው፤ ማለትም ከሞለኪዩሉ ጋር አንድ ግሉኮስ ተያይዟል። ስኳር ውሃ ይወዳል፣ ያያዘውንም ነገር ይዞ ወደ ውሃው ይገባል። የሆፕ ሙጫ ለመሟሟት እሳት ቅርጹን እስኪለውጥለት ይጠብቃል፤ ጌሾይዲን ግን ቅጠሉ ውስጥ እያለ ለውሃ የተሰናዳ ነው። 90 ዲግሪ ላይ በሚፈላ ውሃና ማገዶ በሚወደድበት ደጋ ላይ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ሆኖም ጌሾን የሆፕ ምትክ አድርጎ ማየት ሁለቱንም መበደል ነው። ዝምድና የላቸውም፤ ሆፕ የካናቢስ ቤተሰብ ነው፣ ጌሾ ራምናስ ከሚባለው ወገን ነው። ጌሾ እንደ ሆፕ በዘይት የተሞላ ብናኝ የለውም፤ የጠላ ሽታ ከጭሱ፣ ከታመሰው ገብስና ከእርሾው ሥራም ተዋጥቶ የሚመጣ ነው። የሚመሳሰሉት በጊዜው ነው፤ ቅጠሉ ሕይወት ካለው እርሾ ጋር አብሮ መክረሙ።

የመክረም ነገር ከተነሣ አንድ አስገራሚ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1893 ሆራስ ብራውንና ሃሪስ ሞሪስ የተባሉ እንግሊዛውያን፣ ጥሬ ሆፕ የገባበት ቢራ በርሜሉ ውስጥ እንደገና ለምን እንደሚፈላ መረመሩ። ሆፑ ራሱ ኢንዛይም ይዟል፤ ኢንዛይሙ እርሾው ትቶት የነበረውን ስታርች ቀመስ ነገር ወደ ስኳር ይሰብረዋል፣ እርሾውም ይነቃል። ግኝቱ ለብዙ ዓመታት ተረስቶ ቆይቶ፣ የአሜሪካ ጠማቂዎች ቆርቆሮዎቻቸው እየተነፉ ሲያስቸግሯቸው በኦሪገን ስቴት ዩኒቨርሲቲ እንደገና ተጠና።

ፋብሪካ ይህን የሚፈራው የብቅሉ ውሃ ሲፈላ የብቅሉ ኢንዛይም ሁሉ ስለሚሞትና ያ ሞት የቢራው መርጊያ ስለሆነ ነው። ጠላ ላይ ያ መርጊያ የለም። ብቅሉ ሳይፈላ ስለሚገባ ኢንዛይሙ እስከ መጨረሻው ይሠራል፤ ስታርቹ እየተሰበረ፣ ስኳሩ እየተበላ፣ ሁለቱ ጎን ለጎን ይሄዳሉ። ጉሹ ላይ ያለው ጣፋጭነት በቀናት ውስጥ የሚጠፋው፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 4 በመቶ አልኮል ያለው ጠላ ውሎ ሲያድር የሚከረክረው ለዚህ ነው። ለሠርግ ጠላ በጀሪካን ሞልቶ ክዳኑን ጠበቅ አድርጎ በመኪና የጫነ ሰው ጀሪካኑ እንደ ፊኛ ተወጥሮ የሚያገኘውም ለዚሁ ነው፤ ክዳኑ ላላ ማለት አለበት።

አለመፍላቱ ዋጋም ያስከፍላል። እ.ኤ.አ. በ1991 ሲኔት በተባለው የኢትዮጵያ የሳይንስ መጽሔት የወጣ ጥናት የጠላን ጉዞ ተከትሏል፤ ቀድሞ ሳካሮማይሲስ የሚባለው እርሾ ይገንናል፣ ላክቶባሲለስ ይከተላል፣ በመጨረሻም አሴቶባክተር አልኮሉን ወደ ኮምጣጤ ይወስደዋል። የጌሾ ውሕዶች ባክቴሪያን ይገታሉ፤ ግን አያቆሙትም። የሆፕ ሙጫ በዚህ በኩል ይበረታል፣ በተለይ በላክቶባሲለስ ላይ። ስለዚህ ጠላ የሚጠጣበት ቀን አለው፤ ቢራ ወራት ይቆያል።

ዛሬ ደብረ ብርሃን ሐበሻና ዳሸን ቢራ የሚጠመቁባት ከተማ ናት፤ የቤልጂየሙ ቦርትማልትም የብቅል ፋብሪካ ከፍቶባታል። ገብሱ ከአገር ነው። ሆፑ ግን ከባሕር ማዶ ይመጣል፤ ተክሉ ከ35 እስከ 55 ዲግሪ ኬክሮስ ያለውን የበጋ ረጅም ቀን ይፈልጋል፣ እዚህ ደግሞ የዓመቱ ረጅሙ ቀን 12 ሰዓት ከ45 ደቂቃ አይሞላም። ደቡብ አፍሪካውያን በጆርጅ አካባቢ ሆፕ ሲተክሉ ቀኑን በመብራት እስከ ማራዘም ደርሰው ነበር። ጌሾ ይህን ሁሉ አይፈልግም፤ አንኮበር ላይ ጓሮ ውስጥ ይበቅላል። ለአንዱ ተክል በዓለም ዙሪያ ዝርያ በዝርያ፣ ግራም በግራም ጥናት ሲፈስለት፣ ለሌላው በየትኛው ወር የተለቀመ ቅጠል ምን ያህል ጌሾይዲን እንዳለው በየቤቱ የሚታወቅ ሠንጠረዥ የለንም። ይህን ለመጀመር ደግሞ ላቦራቶሪ ግዴታ አይደለም።

አንድ ጥንስስ ለማድረግ ያሰበ ሰው ሦስት እኩል እንስራ ያዘጋጅ። ቅጠሉ ከአንድ ጓሮ የተለቀመ፣ ጥላ ላይ የደረቀ፣ በሚዛን እኩል የተመዘነ ይሁን። በመጀመሪያው እንስራ ቅጠሉ አንድ ሰዓት ፈልቶ፣ ከቀዘቀዘ በኋላ ይግባ። በሁለተኛው እንደ ወጉ ሳይፈላ ይጠንሰስ። በሦስተኛው ከቅጠሉ ግማሹ ብቻ ይጠንሰስና፣ ግማሹ ውሃ በሚሞላበት ቀን በንጹሕ ሻሽ ታስሮ ይጨመር፤ ከሁለት ቀን በኋላ ሻሹ ይውጣ። ብቅሉ፣ ቂጣውና እንኩሮው ለሦስቱም አንድ ዓይነት ነው። ሲደርስ የትኛው የትኛው እንደሆነ ለማያውቁ ጎረቤቶች በተመሳሳይ ጣሳ ይቀዳ፤ አንዱ የሌላውን አስተያየት ሳይሰማ ምሬቱንና ሽታውን ለየብቻ ይንገር። የተጠነሰሰበት ቀን፣ የክፍሉ ሙቀት፣ የቅጠሉ ክብደትና የተለቀመበት ወር በደብተር ይጻፍ፤ ክረምት ላይም ያው በዚያው ልክ ይደገም።