ለእናት የታዘዘው የብረት ክኒን ሕፃኑን እንዳይገድል

በቤትዎ ነፍሰ ጡር ካለች ከጤና ጣቢያ ያመጣችው የብረት ክኒን የት ተቀምጧል? ትራስ ሥር ነው ወይስ ረከቦቱ ላይ? አሁኑኑ ተነሥተው ይመልከቱ።

በሰቆጣ ከተማም ሆነ በዋግ ኽምራ ደጋማ ቀበሌዎች ክኒኑ ለነፍሰ ጡር የሚሰጠው ደም ማነስን ለመከላከል ነው። ጠቃሚ ስለሆነ ሊቋረጥ አይገባውም። ነገር ግን የተለመደው አንድ ክኒን 60 ሚሊ ግራም ብረት ይይዛል። 10 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን 4 ያህሉን ቢውጥ ሊታመም፣ 10 ቢውጥ ሕይወቱ ሊያልፍ ይችላል። አንዳንዱ ክኒን ቀይና ለስላሳ በመሆኑ ሕፃን ከረሜላ ይመስለዋል።

በመጀመሪያዎቹ 6 ሰዓታት ሕፃኑ ያስመልሰዋል፤ ሆዱን ይቆርጠዋል፤ ደም የቀላቀለ ተቅማጥም ሊይዘው ይችላል። ከዚያ ትውከቱ ቆሞ የተሻለው ይመስላል። እናትም «ተመስገን፤ አለፈለት» ብላ ታስተኛዋለች። ትልቁ አደጋ ይህ ነው! ብረቱ ደም ውስጥ ገብቶ ጉበትንና ልብን የሚጎዳው በዚሁ የጸጥታ ጊዜ ነው። በማግሥቱ ሕፃኑ ራሱን ሊስት ይችላል።

ስለዚህ ምልክት እስኪታይ አይጠብቁ። በአፉ የቀረውን ክኒን ያውጡ። የጎደለውን ይቁጠሩ፤ የዋጠበትን ሰዓት ያስታውሱ፤ ማሸጊያውን ይዘው ወደ ሆስፒታል ይሩጡ። ሰቆጣ ላይ ከሆኑ ወደ ተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ሆስፒታል ይሂዱ። ርቆ ባለ ቀበሌ ከሆነ ጤና ኬላው ወይም ጤና ጣቢያው ፈጥኖ እንዲያስተላልፍዎ ይጠይቁ። ብረቱን ከደም አስሮ በሽንት የሚያስወጣው ዴፈሮክሳሚን የተባለ መድኃኒት በጤና ኬላ የሚሰጥ አይደለምና መንገዱ ረጅም በሆነ መጠን ቶሎ መነሣት ያስፈልጋል። ጨው በጥብጠው ወይም ጣት ከተው አያስመልሱት። ወተት ማርከሻ አይሆንም፤ ከሰልም ብረትን አይዝም።

በአሜሪካ አገር ብዙ ሕፃናት በዚህ ክኒን ሞተዋል። እ.ኤ.አ. በ1997 ጠንካራዎቹ ክኒኖች አንድ በአንድ እንዲታሸጉ ከታዘዘ በኋላ ሞቱ በእጅጉ ቀነሰ። እርስዎም ክኒኑን ፈልፍለው በብልቃጥ አያጠራቅሙ፤ እንደታሸገ በሚቆለፍ ሣጥን ያኑሩት። በሕፃን ፊት አይዋጡት፤ «ከረሜላ» ብለውም አይጥሩት። ይህንኑ ለጎረቤትዎና በገጠር ላሉት ዘመዶችዎ ይንገሩ።