ስለ ጦሳ ተራራና ስለ ደሴ ዙሪያ ጋራዎች አቀማመጥ

የደሴ ከተማ በምዕራብ በጦሳ ተራራ፥ በምሥራቅ በአዝዋ ገደል ተከባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍ ባለ ስፍራ ተቀምጣለች። ይህ የጋራ ሰንሰለት የደጋው አገር ጫፍ ስለ ኾነ ውኃን ለኹለት ይከፍላል፤ በኩታበር ወገን የወረደው በበሽሎ በኩል ወደ ዓባይ ይሄዳል፤ በደሴ ወገን የወረደው ግን በቦርከና አድርጎ ወደ አዋሽ ይገባል። ዓባይ እስከ ባሕር ሲደርስ አዋሽ በአፋር በረሓ ይቀራል።

ኮምቦልቻ ከደሴ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በ1,850 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። እንግዲህ ቦርከና በዚህ አጭር መንገድ 650 ሜትር ያህል ይወርዳል ማለት ነው። ጋራው ዛፉ ተቈርጦ ያለ እርከን የታረሰ እንደ ኾነ፥ ጎርፉ የላዩን ገበሬ ማሳ ያራቍታል፤ የታቹንም በደለል ይሸፍናል። ወሎ በ1966 ዓ.ም.፥ ኋላም በ1977 ዓ.ም. ጽኑ ራብ ያየ አገር ስለ ኾነ፥ የአንድ ስንዝር አፈር መጥፋት ቀላል ነገር አይደለም።

ስለዚህ የእርከኑና የችግኙ ሥራ ከጋራው ራስ ተጀምሮ ወደ ታች መውረድ ይገባዋል። የላዩ ወረዳ ሹም ቸል ያለ እንደ ኾነ፥ የታቹ ምንም ቢተጋ ጎርፉን ብቻውን ሊከለክለው አይችልምና ኹለቱ አስቀድመው ይማከሩ።