ያገለገለ ኤክስካቫተር ላይ የሞተር ሴንሰር ብልሽት እንዴት ይለያል?

የሲዳማ ክልል መዲና በሆነችው ሐዋሳ በ2008 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ፣ ከተማዋን ከሞጆ ጋር የሚያገናኘው የፍጥነት መንገድ ፕሮጀክት እንዲሁም የመኖሪያና የንግድ ሕንፃዎች ግንባታ ለቁፋሮ ማሽነሪዎች ሰፊ የሥራ ዕድል ፈጥረዋል። ያገለገለ ኤክስካቫተር ገዝቶ በሰዓት ለሚያከራይ ባለንብረት፣ በሴንሰር ብልሽት የቆመ ማሽን የተቋረጠ ገቢ ማለት ነው። ያለ ምርመራ የሚገዛ መለዋወጫም ችግሩን ሳይፈታ ወጪውን ይጨምራል። ከሁሉ የሚከፋው ግን እውነተኛ ማስጠንቀቂያ «የሴንሰር ችግር ነው» ተብሎ ሲታለፍና ሞተሩ ሲቃጠል ነው። ስለሆነም ባለንብረቶችና ኦፕሬተሮች ጥፋቱ የሴንሰሩ፣ የሽቦው ወይስ የሞተሩ መሆኑን አስቀድመው መለየት ይኖርባቸዋል።

የብልሽት ኮድ ትርጉም

ሴንሰር የሙቀት፣ የግፊት ወይም የፍጥነት መጠንን ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት በመለወጥ ለሞተሩ መቆጣጠሪያ ኮምፒውተር ያደርሳል። ኮምፒውተሩ ከሚጠበቀው ውጪ የሆነ ምልክት ሲደርሰው በሞኒተሩ ላይ ኮድ ያሳያል። ጄ1939 የተሰኘውን ዓለም አቀፍ ደረጃ በሚከተሉ ማሽኖች ኮዱ ሁለት ክፍሎች አሉት። ኤስ.ፒ.ኤን. የሚባለው ቁጥር ችግሩ የታየበትን ክፍል ሲያመለክት፣ ኤፍ.ኤም.አይ. የሚባለው ደግሞ የችግሩን ዓይነት ይገልጻል። ለአብነት ያህል ኤስ.ፒ.ኤን. 110 የሞተር ማቀዝቀዣ ውኃ ሙቀትን፣ 100 የሞተር ዘይት ግፊትን፣ 157 ደግሞ የናፍጣ መርጫ መስመር ግፊትን ይወክላሉ።

ወሳኙ ሁለተኛው ቁጥር ነው። ኤፍ.ኤም.አይ. 3 ቮልቴጁ ከመጠን በላይ መሆኑን፣ 4 ደግሞ ከመጠን በታች መሆኑን ያሳያል፤ ሁለቱም ወደ ሴንሰሩና ወደ ሽቦው ያመለክታሉ። ኤፍ.ኤም.አይ. 0 ግን ልኬቱ ትክክል ሆኖ መጠኑ ከአደገኛው ወሰን ማለፉን ይገልጻል። ስለዚህ 110 ከ3 ጋር ሲታይ የሽቦ መስመሩ፣ 110 ከ0 ጋር ሲታይ ደግሞ ራዲያተሩ፣ ቺንጋውና የውኃ ፓምፑ ይፈተሻሉ። አንዳንድ አምራቾች የራሳቸውን ኮድ ስለሚጠቀሙ የማሽኑን የጥገና መመሪያ መመልከት ያስፈልጋል።

ከባትሪውና ከሶኬቶቹ መጀመር

አብዛኞቹ ኤክስካቫተሮች በተከታታይ በተያያዙ ሁለት ባለ 12 ቮልት ባትሪዎች ይሠራሉ። የባትሪ መዳከም ወይም የኔጌቲቭ ገመድ መላላት ጤነኛ ሴንሰሮችን ብልሹ አስመስሎ ሊያሳይ ይችላል። ሞተሩ ጠፍቶ በቂ ጊዜ ካረፈ በኋላ የሁለቱ ባትሪዎች ድምር 25 ቮልት ገደማ፣ ሞተሩ ሲሠራ ደግሞ ወደ 28 ቮልት የተጠጋ መሆን አለበት። ቀጥሎ ሶኬቶቹ ተነቅለው ዝገት፣ ዘይት፣ ውኃ ወይም የታጠፈ ፒን እንዳለባቸው ይታያል። ሽቦው ከሞተሩ አካል ጋር የሚፋተግባቸው ቦታዎችም በጥንቃቄ መፈተሽ አለባቸው።

በቀዝቃዛ ሞተር የሚደረግ ንጽጽር

ማሽኑ ካደረ በኋላ፣ ጠዋት ሞተሩ ሳይነሳ ቁልፉን ብቻ ከፍቶ የሞኒተሩን ወይም የመመርመሪያ መሣሪያውን ንባብ ማየት ወጪ የማይጠይቅ ፍተሻ ነው። የማቀዝቀዣው ውኃና ወደ ሞተር የሚገባው አየር ሙቀት ተቀራራቢ መሆን ይገባዋል። አንደኛው 18፣ ሌላኛው 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ካሳየ ከሁለቱ አንዱ ተሳስቷል።

የግፊት ሴንሰሮችም በተመሳሳይ መንገድ ይመዘናሉ። በባሕር ጠለል ላይ የአየር ግፊት 101 ኪሎ ፓስካል ያህል ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በምትገኘው ሐዋሳ ግን ወደ 82 ኪሎ ፓስካል ዝቅ ይላል። ስለዚህ ሞተሩ በቆመበት ሁኔታ ሙሉውን የአየር ግፊት የሚለካ ሴንሰር 101 ካሳየ ሊጠረጠር ይገባል። በዚሁ ከፍታ ውኃ በ94 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ፣ ክዳኑ ግፊት የማይዝ ራዲያተር ያለው ማሽን የሚሰጠው የሙቀት ማስጠንቀቂያ እውነተኛ ሊሆን እንደሚችል መዘንጋት የለበትም።

ሴንሰሩን ከሽቦው መለየት

ሁለት ሽቦ ያለው የውኃ ሙቀት ሴንሰር በቀላሉ ይፈተናል። ቁልፉ ተዘግቶ ሶኬቱ ይነቀላል፤ ቁልፉ እንደገና ሲከፈት ኮዱ ወደ 3 መለወጥ አለበት። ከዚያም ቁልፉ ተዘግቶ በመስመሩ በኩል ያሉት ሁለት ፒኖች በአጭር ሽቦ ሲገናኙ ኮዱ ወደ 4 መዞር ይኖርበታል። ሁለቱም ከሆኑ መስመሩና ኮምፒውተሩ ደህና ናቸው፤ የሚለወጠው ሴንሰሩ ነው። ካልሆኑ ግን ሽቦው ተበጥሷል ወይም ከማሽኑ አካል ጋር ተነካክቷል፤ አዲስ ሴንሰር መግዛትም መፍትሔ አይሆንም።

ሦስት ሽቦ ባላቸው የግፊት ሴንሰሮች ላይ ይህ ሙከራ መደረግ የለበትም። በእነዚህ ላይ የ5 ቮልት አቅርቦቱ በመልቲሜትር ይለካል። በርካታ ሴንሰሮች በአንድ ጊዜ ኮድ ካሳዩ የጋራ የሆነው 5 ቮልት ተቋርጦ ሊሆን ይችላል፤ ሶኬቶቹ አንድ በአንድ ሲነቀሉ ቮልቴጁ የተመለሰበት ሴንሰር ወይም መስመር የችግሩ ምንጭ ነው። የናፍጣ ግፊት ኮድ ሲታይ ደግሞ አስቀድሞ ፊልትሮውና በናፍጣው ውስጥ ያለ ውኃ ይፈተሻሉ። የመርጫ መስመሩ ከ1,000 ባር በላይ ግፊት ሊይዝ ስለሚችል ሞተሩ እየሠራ ምንም ክፍል መፈታት የለበትም።

የዘይት ግፊት ማስጠንቀቂያ

የዘይት ግፊት መብራት ሲበራ ሞተሩ ወዲያውኑ ሊጠፋ ይገባል። የዘይቱ መጠን ከታየ በኋላ በሴንሰሩ ቦታ ሜካኒካል የግፊት መለኪያ ገጥሞ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ይህ ሳይደረግ ሴንሰሩን ማለያየት ወይም መብራቱን ማጥፋት ሞተሩን ለጥፋት አሳልፎ መስጠት ነው።

ከግዢ በፊትና ከጥገና በኋላ

ገዢዎች ማሽኑ ሞተሩ ቀዝቃዛ እንዳለ እንዲነሳላቸው መጠየቅ ይኖርባቸዋል። ቁልፉ ሲከፈት የማስጠንቀቂያ መብራቶቹ ለጥቂት ሰከንዶች በርተው መታየት አለባቸው፤ ጭራሹን የማይበራ መብራት ብልሽትን ለመደበቅ ተነቅሎ ሊሆን ይችላል። በኮምፒውተሩ የተመዘገቡ የቀድሞ ኮዶችም ከመጥፋታቸው በፊት ተነብበው በጽሑፍ ሊያዙ ይገባል።

በባልዲው ወይም በክንዱ ላይ ብየዳ ሲከናወን የባትሪው ኔጌቲቭ ገመድና የኮምፒውተሩ ሶኬት ተነቅለው፣ የብየዳው መመለሻ ገመድ በሚበየደው ቦታ አጠገብ መታሰር አለበት። ሞተሩ ሲታጠብም ከፍተኛ ግፊት ያለው ውኃ በቀጥታ ወደ ሶኬቶቹ እንዳይረጭ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። መለዋወጫ እንዲገዛ የሚጠይቅ ባለሙያ የትኛውን ኮድ እንዳነበበና ምን እንደለካ በጽሑፍ እንዲያሳውቅ ማድረግ የባለንብረቱ መብት ሲሆን፣ አላስፈላጊ ወጪን ለማስቀረትም ይረዳል።