ሁለተኛው ሽቦ ደጃፍ ሲደርስ

በኦሃዮ ግዛት፣ በኒው አልባኒና በኮሎምበስ ዙሪያ ባሉ ሰፈሮች የምንኖር ኢትዮጵያውያን ስንገናኝ፣ ከቤት ኪራይና ከመኪና ኢንሹራንስ ቀጥሎ የምናማርረው በኢንተርኔት ቢል ነው። በቅናሽ የገቡበት ዋጋ ዓመቱ ሲሞላ ዘሎ ይወጣል፤ ደውለው ቢጠይቁ «የማስተዋወቂያው ጊዜ አልቋል» ይባላሉ። በዚያው ሰሞን ሣሩ ላይ ብርቱካናማ ባንዲራ ይተከላል፣ መሬት ይቆፈራል፣ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ደግሞ በር የሚያንኳኳ ወጣት «ፋይበር መጥቶላችኋል» ይላል። ልቀይር ወይስ ባለሁበት ልቆይ የሚለው ጥያቄ የሚነሳው ያኔ ነው። አብዛኛው ሰው መልሱን ከፍጥነት ይጀምራል። ፍጥነቱን በኋላ እመለስበታለሁ፤ ይበልጥ በስህተት የሚብራራው የዋጋው ነገር ስለሆነ ከእሱ ልነሳ።

የተለመደው ማብራሪያ ዋጋን ከወጪ ጋር ያያይዛል። መስመር መዘርጋት ውድ ነው፣ ደመወዝ ጨምሯል፣ ኑሮ ተወዷል፣ ስለዚህ ቢሉ ጨመረ ይባላል። የኢንተርኔት ኔትወርክ ግን አብዛኛው ወጪው የሚወጣው ገና አንድ ደንበኛ ሳይኖረው ነው። መሬቱ ይቆፈራል፣ ሽቦው በየቤቱ ፊት ለፊት ያልፋል፤ ከዚያ በኋላ ለአንድ ቤት የአንድ ወር አገልግሎት መስጠት የሚጠይቀው ከቢሉ ጋር ሲተያይ በጣም ትንሽ ነው። አንዴ የተቀበረ ገንዘብ የዛሬን ዋጋ አይተምንም። ወጪ ወሳኝ ቢሆን ኖሮ በአንድ ጎዳና፣ በአንድ ኬብል፣ በአንድ ፍጥነት የሚጠቀሙ ሁለት ጎረቤታሞች እኩል በከፈሉ ነበር። አይከፍሉም። ትናንት የገባው ትንሽ ይከፍላል፣ ዓመታት የቆየው ብዙ ይከፍላል። እንዲያውም ለቆየው ደንበኛ የሚወጣው ወጪ ከአዲሱ ያንሳል፤ ቴክኒሻን አይላክለትም፣ ለሻጭ ኮሚሽን አይከፈልበትም። ወጪው ያነሰው ሰው ቢሉ ከበዛ ዋጋውን የሚቆርጠው ሌላ ነገር አለ ማለት ነው።

ያ ሌላ ነገር ደንበኛው የመልቀቁ ዕድል ነው። የኦክስፎርዱ ኢኮኖሚስት ፖል ክሌምፐረር እ.ኤ.አ. በ1987 ያወጣው ጥናት ይህን ቁልጭ አድርጎ አስቀምጦታል፤ መቀየር ወጪ በሚያስከትልበት ገበያ ውስጥ ድርጅቶች መጀመሪያ ደንበኛውን በርካሽ ይሻሙበታል፣ ከያዙት በኋላ ያስከፍሉታል። ስለ ኢንተርኔት ገበያ ከሚነገረው ሁሉ እኔን የሚያሳምነኝ ይህ ነው፤ የሁለት ዓመት ቢሎቹን ጎን ለጎን ዘርግቶ ያየ ሰው ማስረጃውን እዚያው ያገኘዋል።

የመቀየር ወጪ ስል ገንዘቡን ብቻ ማለቴ አይደለም። ቴክኒሻን የሚመጣበትን ቀን ከሥራ መቅረት አለ፤ በሰዓት ለሚከፈለው የመጋዘን ሠራተኛ ይህ በቀጥታ ከኪስ የሚወጣ ነው። አሮጌው ሞደም በጊዜው ካልተመለሰ ያስከፍላል። ወሩ ሳያልቅ ለለቀቀ ደንበኛ የቀሪዎቹን ቀናት ሂሳብ የማይመልሱ ድርጅቶች አሉ። አንዳንዱ ሰው የኢሚግሬሽኑንም የባንኩንም መልእክት የሚቀበልበት ኢሜይል በአቅራቢው በኩል የተከፈተ ነው። የካሜራው፣ የቴሌቪዥኑ፣ የፕሪንተሩ ፓስወርድ እንደገና ይገባል። ከሁሉም የሚብሰው ደግሞ ስልኩ ነው። ልልቀቅ ብሎ የደወለን ሰው የሚያነጋግረው ሠራተኛ ሥራው ማስቀረት ነው፤ ከእሱ ጋር በእንግሊዝኛ ረጅም ክርክር መግጠም ለብዙ ወላጆቻችን ከቢሉ ጭማሪ ይከብዳቸዋል።

ድርጅቱ ይህ ለማን እንደሚከብድ በስም ማወቅ አያስፈልገውም። ዋጋ ሲጨምር ያልደወለውን መቁጠር ይበቃዋል። የአዲሱን ደንበኛ ቅናሽ የሚሸፍነው ዝም ያለው ነባር ደንበኛ ነው፤ በእኛ ማኅበረሰብ ውስጥ ዝም የሚለው ደግሞ በዕድሜ የገፋው፣ ቋንቋው ያልጠናለት ወይም ሁለት ፈረቃ የሚሠራው ነው። አቅም ያነሰው የተሻለውን ሲደጉም ማየት ያስቆጨኛል፤ ጉዳዩን በዚህ ርዝመት የማነሳውም ለዚህ ነው።

መልቀቅ ግን መሄጃ ይፈልጋል፤ መሄጃም የሚቆጠረው በአድራሻ እንጂ በከተማ አይደለም። ኮሎምበስ ለዚህ ከማንም የተሻለ ምሳሌ ናት። በአብዛኛው የአሜሪካ ከተማ የኬብሉ ባለቤት አንድ ብቻ ሆኖ ሲኖር፣ እዚህ አሜሪቴክ የተባለው የስልክ ኩባንያ በ1990ዎቹ ከነባሩ ጎን ሁለተኛ ኬብል ዘረጋ። ያ መስመር በ2001 ዋው ለተባለ የኬብል ድርጅት ተሸጠ፤ በ2021 ደግሞ ዛሬ ብሪዝላይን የሚባለው ድርጅት ከዋው የክሊቭላንድ መስመር ጋር አጣምሮ በ1.125 ቢሊዮን ዶላር ገዛው። የታይም ዋርነሩ ነባር ኬብል በ2016 በቻርተር እጅ ገብቶ ስፔክትረም ሆነ። ስለዚህ በዚህ አካባቢ ሁለት ኬብል የሚያልፍበትና አንድ ብቻ የሚያልፍበት ጎዳና ተጎራብተው ይኖራሉ። በላዩ ላይ የኤቲ ኤንድ ቲ ፋይበር ሲመጣም እንደዚያው ነው፤ አንዱ ሰፈር ይደርሳል፣ ሌላውን ያልፋል። «ኮሎምበስ ውስጥ ውድድር አለ» የሚለው አባባል አንድ ሽቦ ብቻ ለሚያልፍበት ቤት ምንም አይፈይድም።

ኒው አልባኒ ላይ የሚሰማ አንድ የተለየ ስህተትም አለ። ሜታ፣ ጉግልና አማዞን ግዙፍ የዳታ ማዕከሎቻቸውን እዚህ ተክለዋል፤ ኢንቴልም ፋብሪካውን እዚሁ እንደሚሠራ በ2022 አስታውቋል። «ይሄ ሁሉ ፋይበር በደጃችን እያለፈ እኛ እንዴት አናገኘውም?» ይባላል። ለዳታ ማዕከል የተዘረጋው መስመር ከማዕከል ወደ ማዕከል የሚሄድ ነው። ለመኖሪያ ቤት የሚሆነው በየጥቂት ቤቱ የሚከፋፈል፣ እስከ ግድግዳው የሚደርስ ሌላ ሥራና ሌላ ወጪ ነው።

የመንግሥት አኃዝ የሚያሳስተንም መሄጃ በአድራሻ በመቆጠሩ ነጥብ ላይ ነው። የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን ለዓመታት በአንድ የቆጠራ ብሎክ ውስጥ አንድ ቤት ብቻ አገልግሎት ማግኘት ከቻለ ብሎኩን በሙሉ እንዳገኘ ይቆጥር ነበር። ኤቲ ኤንድ ቲ በ2020 ወደ 3,600 በሚጠጉ ብሎኮች አገልግሎት እሰጣለሁ ብሎ ያስመዘገበው መረጃ ትክክል እንዳልነበር አምኗል። በራሳችን ግዛት፣ በኦሃዮ፣ ጀፈርሰን ካውንቲ ኬብል የተባለ ትንሽ ድርጅት ተፎካካሪው የመንግሥት ድጎማ እንዳያገኝ ሲል የሌለውን ሽፋን እንዳለው አድርጎ ማስመዝገቡ በ2023 ተጋልጧል። ኮሚሽኑ በኖቬምበር 2022 ያወጣው ካርታ ቤት በቤት መቁጠር መጀመሩ መልካም ነው፤ ቅጹን የሚሞሉት ግን ዛሬም ድርጅቶቹ ራሳቸው ናቸው። ስለዚህ «ይህን ያህል በመቶው ቤት ሁለት ወይም ሦስት አማራጭ አለው» የሚል ሪፖርት ሳነብ አልቀበለውም። በኮሚሽኑ ደንብ አንድ ድርጅት «አገልግሎት አለ» የሚለው በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ ማስገባት ሲችል ነው። አድራሻውን ሰጥቶ የሚገባበትን ቀን መጠየቅ ከማንኛውም ካርታ ይበልጣል።

አዲስ አበባ ያሉ አንባቢዎች የመሄጃን ኃይል ከእኛ ቀድመው አይተውታል። የኢትዮ ቴሌኮም ድርሻ ለባለሀብቶች እንደሚሸጥ በጁን 2018 ከታወጀ በኋላ፣ ሦስት ወር ሳይሞላ ድርጅቱ የመደበኛ ብሮድባንድ ዋጋን 54 በመቶ፣ የሞባይል ኢንተርኔትን 43 በመቶ ቀነሰ። ተፎካካሪው ሳፋሪኮም ሥራ የጀመረው በኦክቶበር 2022 ነው፤ ቅናሹ ተፎካካሪውን በአራት ዓመት ቀድሞታል። አዲስ አመራር ስለመጣ ነው፣ የመንግሥት ውሳኔ ነው የሚሉ አሉ፤ ያም ድርሻ ነበረው። እኔ ግን የድርሻ ሽያጩ ገበያው እንደሚከፈት ስላመለከተ፣ ይበልጥ የሠራው ሊመጣ ያለው ተፎካካሪ ነው ባይ ነኝ።

ወደ ፍጥነቱ ልመለስ። ሻጮቹ «ኬብሉን ከጎረቤት ይጋሩታል፣ ፋይበሩ የራስዎ ነው» ይላሉ። ፋይበርም ይጋራል፤ በተለመደው አሠራር አንድ መስመር ለ32 ያህል ቤቶች ይከፋፈላል። ዋናው ልዩነት በመላክ ላይ ነው። ኬብል የተሠራው ቴሌቪዥን ወደ ቤት ለማምጣት ስለሆነ ከቤት ወደ ውጭ ለሚወጣው የተተወለት መንገድ ጠባብ ነው። ፋይበር ብዙውን ጊዜ በሁለቱም አቅጣጫ እኩል ይሰጣል። ከቤት የሚሠራ፣ ትልልቅ ፋይል የሚልክ፣ የቤተ ክርስቲያን ጉባኤ በቀጥታ የሚያስተላልፍ ሰው ቤት ውስጥ ካለ ይቀየር። ፊልም ለሚያይና አዲስ አበባ ላሉ እናቱ በቪዲዮ ለሚደውል ቤተሰብ ግን 300 ሜጋ ይበቃል፤ ከእናት ጋር ሲወራ ምስሉ የሚቆመውም አብዛኛውን ጊዜ በዚያኛው ጫፍ ስለሆነ እዚህ አንድ ጊጋ መግዛት አይፈታውም። ምድር ቤት ዋይፋይ አልደርስ ካለ ጥፋቱ የራውተሩ ነው።

ፋይበሩ የማያስፈልገው ቤተሰብም የፋይበሩን መምጣት ችላ ማለት የለበትም፤ የመልቀቅ ዕድሉን ከፍ ያደረገለት እሱ ነውና። ከኤፕሪል 2024 ጀምሮ ትልልቅ አቅራቢዎች ወርሃዊ ዋጋውን፣ ዋጋው የማስተዋወቂያ መሆን አለመሆኑን፣ ማስተዋወቂያው ሲያልቅ ስንት እንደሚሆን በመለያ ሰሌዳ ላይ እንዲያሳዩ ግዴታ አለባቸው። ያንን ሰሌዳ ከአዲሱ ድርጅት ተቀብሎ፣ የማስገቢያ ቀን ይዞ፣ ነባሩ ጋ መደወል ነው። እንግሊዝኛው ለከበዳቸው አባትና እናት ልጅ አጠገባቸው ይቀመጥ። ነባሩ ካልቀነሰ መልቀቅ ነው፤ አዲሱ ገብቶ ሳይሠራ ግን አሮጌው አይቆረጥ፣ ሞደሙ ሲመለስም ደረሰኝ ይያዝ። ከ23 ሚሊዮን በላይ ቤተሰቦች ይጠቀሙበት የነበረው የ30 ዶላር የፌዴራል ድጎማ በጁን 2024 ከቆመ ወዲህ ሙሉውን ቢል የሚከፍሉ ወገኖች መጀመሪያ ቢደውሉ ይጠቀማሉ።

ፋይበር ባልደረሰበት ጎዳና ያለ ቤት ደግሞ ቲ-ሞባይልና ቬራይዘን ያለ ቁፋሮ በሳጥን የሚያቀርቡት የ5ጂ የቤት ኢንተርኔት ለመደራደሪያ ይሆነዋል። ይህ መሄጃ ለስንት ጊዜ ራሱን ችሎ እንደሚቆይ ግን ያሳስበኛል። ቲ-ሞባይል በ2025 ሜትሮኔት የተባለውን የፋይበር ድርጅት ኬኬአር ከተባለው የኢንቨስትመንት ድርጅት ጋር ሆኖ ወስዷል፤ ቬራይዘን በ2024 ሌላውን የፋይበር ድርጅት ፍሮንቲየርን በ20 ቢሊዮን ዶላር ለመግዛት ተስማምቷል። ሳጥኑንም ፋይበሩንም አንድ ድርጅት በሚይዝበት ሰፈር ካርታው ሦስት አማራጭ ይጽፋል፣ ባለቤቶቹ ግን ሁለት ይሆናሉ። ነባሩ የኬብል ድርጅት ዋጋውን የሚያሰላው ደግሞ በባለቤቶቹ ቁጥር ነው።