ስም፣ ቅጽል፣ ግስ፦ የታችኛ ክፍል ሰዋስው

የአማርኛ ቃላት በሰዋስው ትምህርት በየክፍላቸው ይመደባሉ፤ የክፍሎቹ ቁጥር ግን እንደ መጽሐፉ ይለያያል። ብላታ መርስኤ ኀዘን ወልደ ቂርቆስ የተከተሉትና በትምህርት ቤት ለረጅም ዘመን የተሠራበት አመዳደብ ስምንት ክፍሎች አሉት፤ እነሱም ስም፣ ተውላጠ ስም፣ ቅጽል፣ ግስ፣ ተውሳከ ግስ፣ መስተዋድድ፣ መስተጻምርና ቃለ አጋኖ ናቸው። ባዬ ይማም በ1987 ዓ.ም. በታተመው «የአማርኛ ሰዋስው» ውስጥ ቁጥሩን ወደ አምስት ዝቅ አድርገውታል። ተውላጠ ስም ከስም፣ መስተጻምርም ከመስተዋድድ ጋር ተደርቧል፤ ቃለ አጋኖም ከክፍሎቹ ወጥቷል። ስለዚህ ወላጅ ስምንት ብሎ የተማረውን ልጅ አምስት ብሎ ቢመጣ የተሳሳተ የለም።

ስም የሰው፣ የቦታ ወይም የነገር መጠሪያ ነው የሚለው ፍቺ ለመነሻ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ አያስኬድም። «ሩጫ» የድርጊት መጠሪያ ሆኖ ሳለ ስም ነው። ቃሉ ምን ያመለክታል ብሎ ከመጠየቅ ይልቅ ምን ምን ይቀበላል ብሎ መሞከሩ ይሻላል። ስም ብዙ ቁጥርን የሚያሳይ ቅጥያ ይወስዳል፤ «ልጅ» «ልጆች»፣ «በሬ» «በሬዎች» ይሆናል። ከግእዝ የመጡት «መጻሕፍት»ና «መምህራን» የራሳቸውን መንገድ ይዘው ቀርተዋል። የታወቀ ነገር ሲሆን ደግሞ «ልጁ»፣ «ልጅቷ» ይባላል። «ሩጫው» እና «ሩጫዎች» ስለሚባል «ሩጫ» ፈተናውን አለፈ ማለት ነው።

በስም ቦታ የሚገባው ተውላጠ ስም ነው። «አንተ» እና «አንቺ» ጾታን፣ «እርስዎ» እና «እሳቸው» አክብሮትን ይለያሉ፤ በአንዳንድ አካባቢ «አንቱ» ይባላል። ልጆች ይህን ክፍል ከቤታቸው ይዘውት ስለሚመጡ ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም።

ቅጽል ከስም በፊት ቆሞ ስሙን ይገልጻል፤ «ቀይ ቀሚስ»፣ «ጎበዝ ተማሪ» እንደሚባለው። ከፊቱ «በጣም» ይገባል፤ «በጣም ጎበዝ» ያስኬዳል፣ «በጣም ወንበር» አያስኬድም። ቅጽሉ አንዳንዴ የስሙን ጌጥ ይወስድበታል። «ቤቱ» የሚለው ስም «ትልቅ» ሲቀድመው «ትልቁ ቤት» ይሆናል፤ «-ኡ» ከቤቱ ወርዶ ትልቁ ላይ ይቀመጣል። ተሳቢ ሲሆን «-ን»ም አብሮት ይሄዳል፤ «ትልቁን ቤት ሸጠ» ይባላል። ብዛት ለመግለጽም ቃሉ ከውስጡ ይደገማል፤ «ረጅም» «ረጃጅም»፣ «ትልቅ» «ትልልቅ» ይሆናል።

የአማርኛ ሰዋስው ክብደቱ ያለው ግስ ላይ ነው። «ሰበረ» የሚለው ግስ መሠረቱ ስ፣ ብ፣ ር የተባሉት ሦስት ተነባቢዎች ናቸው። ከእነዚሁ «ይሰብራል»፣ «ተሰበረ»፣ «ሰባበረ»፣ «ሰባሪ»፣ «ስብራት» ይወጣሉ። «አልሰበረችውም» ብቻውን ሙሉ ዐረፍተ ነገር ነው። አድራጊዋ ሴት መሆኗን፣ ተደራጊው አንድ ነገር መሆኑን፣ ድርጊቱ አለመፈጸሙንና ጊዜው ያለፈ መሆኑን ይናገራል። የሰዋስው ትምህርት ከስም ይጀምር የሚለው ልማድ ጠንካራ ቢሆንም፣ ልጅ የቋንቋውን አሠራር ቶሎ የሚያየው እንዲህ ያለ ግስ ሲፈታ ነው።

ተውሳከ ግስ ግስን ይገልጻል። በአማርኛ ቁጥሩ ጥቂት ነው፤ «ቶሎ»፣ «ገና»፣ «ክፉኛ» ይጠቀሳሉ። ሥራውን አብዛኛውን ጊዜ የሚሸፍኑት በ«በ» የሚጀምሩ እንደ «በፍጥነት» ያሉ ሐረጎች ናቸው። ይህ «በ» ራሱ መስተዋድድ ነው፤ «ለ»፣ «ከ»፣ «ወደ»፣ «እስከ» ወገኖቹ ናቸው። «ላይ» እና «ውስጥ» ደግሞ ከስም በኋላ ይመጣሉ፤ «ከጠረጴዛው ላይ» ሲባል አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ ስሙን ይይዙታል። «እና»፣ «ወይም»፣ «ግን» መስተጻምር ሲባሉ፣ «ወይኔ!»፣ «እሰይ!» ቃለ አጋኖ ናቸው።

ቃላት በዐረፍተ ነገር ውስጥ ሲሰለፉ ሌላ ስያሜ ያገኛሉ። «አስቴር መጽሐፉን አነበበች» ሲባል አስቴር ባለቤት፣ «መጽሐፉን» ተሳቢ፣ «አነበበች» ማሰሪያ አንቀጽ ነው። ግሱ መጨረሻ ላይ ይቀመጣል። «በልቶ ሄደ» በሚለው ግን ሁለት ግሶች አሉ፤ «በልቶ» ሐሳቡን ስለማይዘጋ በቀድሞው አጠራር ቦዝ አንቀጽ ይባላል፣ የሚያስረው «ሄደ» ነው። ባለቤቱ ከግሱ ስለሚታወቅ ሊቀርም ይችላል፤ «መጣን» ካለ «እኛ» ማለት ግድ አይደለም።

ጽሕፈቱ የማያሳየው አንድ ነገር አለ፤ እሱም መጥበቅና መላላት ነው። «ዋና» ላልቶ ሲነበብ ውኃ ውስጥ የሚደረገው ነው፣ ጠብቆ ሲነበብ ዐቢይ ማለት ነው። «ገና» ጠብቆ በዓሉ፣ ላልቶ «ገና አልመጣም» የሚባለው ነው። ፊደሉ ያው ስለሆነ አንባቢው ከዐውዱ ይለያል። ጮክ ብሎ ማንበብ በታችኛ ክፍሎች ብዙ ሰዓት የሚገባው በዚህ ምክንያት ነው።

ሥርዓተ ነጥብን በተመለከተ ቃልን ከቃል ይለይ የነበረው ሁለት ነጥብ (፡) ቦታውን ለባዶ ክፍተት ለቋል። ነጠላ ሰረዝ (፣) ዝርዝርን፣ ድርብ ሰረዝ (፤) የተያያዙ ሐሳቦችን ይለያል፤ አራት ነጥብ (።) ዐረፍተ ነገርን ይዘጋል። የጥያቄ ምልክትና የአንክሮ ምልክት (!) ከውጭ የመጡ ናቸው። የአንክሮው ምልክት ሲገለበጥ (¡) ትእምርተ ሥላቅ ይባላል፤ ፌዝ ባዘለ ዐረፍተ ነገር መጨረሻ ይገባል።